የምግብ ፌስቲቫልና የሰፈር ዝግጅት ላይ ብቻችሁን ትሄዳላችሁ? እንዴት ነው የምትዝናኑበት?

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በስራ ምክንያት ማንንም ወደማላውቅበት ከተማ ከመጣሁ ትንሽ ቆየሁ፣ እና እውነቱን ለመናገር ኑሮዬ ከቤት ስራ ከስራ ቤት ሆኗል። ከተማው ግን ዝግጅት አጥቶ አያውቅም፣ አንዱ ቅዳሜ የምግብ ፌስቲቫል ነው፣ ሌላው እሁድ ፓርክ ውስጥ ሙዚቃ፣ ደሞ የሰፈር ባዛር፣ የእጅ ስራ ኤግዚቢሽን፣ ምናምን ምናምን። ፖስተሩን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነሳል፣ ከዛ ከማን ጋር ልሄድ ነው እልና ቤቴ እቀራለሁ።

እና የምትሄዱ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ። ብቻ መሄድ ይከብዳል ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት? ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ከጓደኛው ጋር ተሰብስቦ ሲበላ ብቻን ሳህን ይዞ መቆም እንዴት ነው? ሌላው የምግቡ ነገር፣ እኔ ቶሎ የምጠግብ ሰው ነኝ፣ ሁለት ስታንድ ላይ ከበላሁ በቃኝ፣ ያ ሁሉ አይነት ምግብ በተደረደረበት ሁለቱን ብቻ ቀምሶ መመለስ ደሞ ያሳዝናል። ግፊያም እፈራለሁ። ትልልቆቹን ልምረጥ ወይስ ትንንሾቹን? ዋናው የምፈልገው ሰው ማወቅ ነው፣ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም የምለው ሰው። መግቢያ ከፍሎ በልቶ መምጣት ብቻ ከሆነማ ምግብ ቤትም አለ።

ቀማሿ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ፣ ይሄ የኔ ርዕስ ነው። ብቻ መሄድ ለምግብ ፌስቲቫል እንደውም ይመረጣል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከሰው ጋር ስትሄጂ ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው ወዴት እንሂድ፣ እሱ ወረፋው ረጅም ነው፣ እኔ ይሄን አልበላም በመባባል ነው። ብቻሽን ከሆንሽ እግርሽ ወደወሰደሽ ትሄጃለሽ፣ ደስ ያለሽ ስታንድ ጋ የፈለግሽውን ያህል ትቆሚያለሽ። ደሞ የሚያበስሉት ሰዎች ብቻውን የቆመን ሰው ቶሎ ነው የሚያናግሩት፣ አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ እርስ በርሳችሁ ስታወሩ ነው የምትውሉት።

ስለ መጥገቡ። ስትደርሺ ምንም እንዳትገዢ። አንድ ዙር ባዶ እጅሽን ከዳር እስከ ዳር ዙሪ፣ ምን እንዳለ እዪ፣ ሽታውን አሽትቺ፣ የትኛው ጋ እዛው በእጅ እየተሰራ እንደሆነ፣ የትኛው ደሞ ተሰርቶ መጥቶ የሚሞቅ ብቻ እንደሆነ ለዪ። ሰው ርቦት ስለሚገባ መግቢያው አጠገብ ያለው ስታንድ ላይ ይጣድና እዛው ጠግቦ ውስጥ ያለውን በአይኑ ብቻ ያልፈዋል። ለዛ ነው ከቤት ስትወጪ ትንሽ ነገር ቅመሺ የምልሽ፣ አንጀትሽ እስኪታጠፍ ርቦሽ አትግቢ።

ሌላ በጣም የምወደው ነገር አለ፣ ሰው የሚጠግበው በሆዱ ብቻ አይደለም፣ በጣዕምም ይጠግባል። ባርባራ ሮልስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ሰዎች አንድ ምግብ በልተው ሲያበቁ የበሉት ምግብ ደስ ማለቱ ይቀንስባቸዋል፣ ያልበሉት ግን ያው እንዳማራቸው ነው። ጨዋማ በልተሽ በቃኝ ብለሽ ስታበቂ ጣፋጭ ሲመጣ ቦታ የሚገኝለት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጨዋማ ከቀመስሽ ቀጥሎ ኮምጠጥ ያለ፣ ከዛ የሚያቃጥል፣ ከዛ ጣፋጭ፣ እንደዛ እያፈራረቅሽ ሂጂ እንጂ ተመሳሳይ ነገር አትደጋግሚ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በዘይት የተጠበሰውንና ቅባት የበዛበትን ወደ መጨረሻ ግፊው። ሆድ መሙላቱን ለጭንቅላት እስኪያሳውቅ 20 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል ይባላል፣ በየመሃሉ ዞር ዞር በዪ። አፍሽ ከነደደ ደሞ ውሃ አይረዳሽም፣ የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፣ ወተት ወይ እርጎ ነው መፍትሄው።

ሰዓት ላይ ደሞ ቀድመሽ ግቢ፣ ይሄንን አጥብቄ ነው የምልሽ። በቅርብ የሄድኩበት ላይ ገና ሰው ሳይሞላ ደርሼ አንዲት ሴትዮ ብረት ምጣዷን ስታሞቅ ቆሜ አየኋት። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ረጨት ታደርግበታለች። ጠብታው ቸስ ብሎ ወዲያው ከደረቀ "ገና ነው" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ረጨች፣ አሁን ጠብታዎቹ ክብ ክብ ሆነው ብረቱ ላይ እየተንከባለሉ ሮጡ፣ "ደረሰ" ብላ እሳቱን ትንሽ ቀነሰችና ሊጡን አፈሰሰች። ለምንድነው የማይደርቀው ብላት ብረቱ በጣም ሲግል ከጠብታው ስር እንፋሎት ይፈጠርና ውሃውን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል አለችኝ። ከዛ ከማን እንደተማረችው፣ ምጣዱ የማን እንደነበር፣ ወሬው ወሬ እየወለደ የመጀመሪያውን ለኔ አወጣችልኝ። እኩለ ቀን ላይ ብሄድ ቀና ብላ የምታይበት ጊዜ እንኳን አይኖራትም ነበር።

ሰፈር ለሰፈር፦

ቀማሿ ስለ ምግቡ ያልሽው አንድም የሚጣል የለውም፣ ግን ጠያቂዋ ዋናው የምፈልገው ሰው ማወቅ ነው እያለች ነው፣ ለሱ ትልቅ ፌስቲቫል አይሆንም ብዬ ነው የማምነው። እዛ የሚመጣው ሰው በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ጥሩ ወሬ አውርተሽ፣ ስቀሽ፣ ስልክ ሳትቀያየሪ ትለያያለሽ፣ ብትቀያየሪም ማን እንደሆነ ትረሺዋለሽ። ሰው የሚተዋወቀው በመደጋገም ነው። ያንኑ ፊት ሶስት አራት ጊዜ ስታዪው ሰላም ማለት በራሱ ይመጣል፣ ማንም አስተዋውቁኝ ሳይል።

ስለዚህ በየሳምንቱ ወይ በየወሩ የሚደጋገም ነገር ፈልጊ፣ ትንሽም ቢሆን። የቅዳሜ ጠዋት ገበያ፣ ፓርክ ውስጥ የሚሮጡ ወይ የሚራመዱ ሰዎች ግሩፕ፣ የቼዝ ጨዋታ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የንባብ ክበብ፣ አትክልት አብረው የሚተክሉ ሰዎች፣ የመዘምራን ቡድን፣ የሰፈር ጽዳት። ብዙዎቹ ነፃ ናቸው። እና አንድ መርጠሽ እዛው ተመላለሺ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጥግ። ዛሬ እዚህ ነገ እዛ እያልሽ አስሩንም ብትሞክሪ በአስሩም ቦታ እንግዳ ትሆኛለሽ።

ለምሳሌ የኮሎምቢያዋ ቦጎታን ውሰጂ። ከ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረ ሲክሎቪያ የሚባል ነገር አላቸው፣ በየእሁዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎሜትር በላይ የሆነ መንገድ ለመኪና ይዘጋና ሰዉ በሳይክል፣ በእግር፣ በሮለር ይወጣበታል። ፓርኮቹ ውስጥ ደሞ በነፃ የሚያሰሩ ስፖርት አሰልጣኞች አሉ፣ ጭፈራ ነው ነገሩ። ቲኬት የለ፣ ቪአይፒ የለ። ትልቅ ነው፣ ግን ጉልበቱ ትልቅነቱ አይመስለኝም፣ በየሳምንቱ መሆኑ ነው። እሁድ ስትወጪ ጎረቤትሽም እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ከተማ ለነዋሪው እንዲህ አይነት ቋሚ ነገር ሲሰጠው እውነት ደስ ይለኛል፣ ለኔ ከአንድ ቀን ርችት እሱ ይበልጣል።

ከስታንዱ ጀርባ፦

እኔ ሻጭ ነኝ፣ ፌስቲቫልም የሳምንት ገበያም ላይ እወጣለሁ፣ ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰፈር ለሰፈር ያልከው እውነት ነው፣ በሳምንት ገበያው ደንበኞቼን በስም አውቃቸዋለሁ፣ ልጆቻቸው ምን እንደሚወዱ ሁሉ። ግን ትልቁንም እንዳትንቁት፣ ለኛ አዲስ ነገር የምንሞክርበት እሱ ነው። ሱቄ ውስጥ የማላወጣውን ምግብ እዛ ትንሽ ሰርቼ የሰዉን ፊት አያለሁ፣ ሰው አፉ ውስጥ ሲከተው ቅንድቡ ምን እንደሚሆን ካየሁ ሌላ አስተያየት አያስፈልገኝም። ከዛ ቀን የወጡ አሁን በየቀኑ የምሸጣቸው ምግቦች አሉኝ።

ዋጋው ተወደደ ለምትሉ ደሞ፣ ለቦታው እንከፍላለን፣ ለመብራት ወይ ለጀነሬተር፣ ለትራንስፖርት፣ ለሚያግዘኝ ልጅ፣ ለሳህንና ለማንኪያው። ሽንኩርቱ የሚላጠው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው። ዝናብ ከዘነበ ያ ሁሉ ከስሮ ይመለሳል። ይሄን የምለው ለማሳዘን አይደለም፣ ትንሽ ስጠኝ ልቅመስ ስትሉን ደስ ብሎን እንሰጣለን፣ ዋጋ ስትከራከሩ ግን የምንቀንስበት ቦታ ስለሌለን ነው ፊታችን የሚከፋው። ግማሽ ይደረግልኝ ማለት ግን ምንም ነውር የለውም፣ ብዙዎቻችን እናደርጋለን፣ ጠይቂ እህቴ፣ ቶሎ ለምትጠግብ ሰው ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

ምን ላይ ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ፣ ጤና ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልፅ ነው፣ የበሰለ ምግብ ውስጡ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ትኩስ ሆኖ የሚቀርብ ከ60 ዲግሪ በላይ መያዝ አለበት፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች። በመሃል ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፣ እና የበሰለ ምግብ እንዲሁ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። እናንተ ቴርሞሜትር ይዛችሁ አትዞሩም፣ ግን አይን አላችሁ። እንፋሎት እየወጣው ነው ወይስ ለብ ብሎ ተኝቷል? ጥሬ ስጋ የነካ መቆንጠጫ የበሰለውንም ያነሳል? ገንዘብ የሚቀበለው እጅ ነው ምግቡንም የሚይዘው? እጅ መታጠቢያ ውሃ አላቸው? ወረፋ ያለበት ስታንድ አንዱ ጥቅሙ ምግቡ ቶሎ ቶሎ መሄዱ ነው፣ አይቆይም። ማታ መዝጊያ ላይ በግማሽ ዋጋ ሲሉ ከመግዛታችሁ በፊት መቼ እንደወጣ ጠይቁ፣ ቅር የሚለው ሻጭ ካለ እለፉት።

አለርጂ ያለበት ሰው ደሞ እባካችሁ ኦቾሎኒ አለበት ወይ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ በምን ዘይት ነው የሚጠበሰው፣ በዚሁ ዘይት ሌላ ምን ይጠበሳል ብላችሁ ጠይቁ። ካሽም ያዙ፣ ብዙ ህዝብ አንድ ቦታ ስልክ ሲጠቀም ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ክፍያው እየዞረ ይቀራል፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍም ይቆማል።

የሁለቱ እናት፦

እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምር በዚሁ። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ፣ በጣም ይወዳሉ እንደዚህ አይነት ቦታ፣ እኔ ግን ሙሉ ቀን የምውለው እየቆጠርኳቸው ነው። ምንም ሳልቀምስ ነው የምመለሰው። ሙዚቃው ደሞ አንዳንዱ ቦታ ደረት ያንቀጠቅጣል፣ ለልጆች ጆሮ ደህና ነው? የግፊያውም ነገር እንደ አዲስ ገቢ እኔንም ያሳስበኛል።

አስተናባሪው፦

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በፈቃደኝነት በየዝግጅቱ ሰው ሳስተናብር ነው የምውለው፣ ስለ ግፊያው እኔ ልመልስ።

ዝግጅቶች በአብዛኛው በሰላም ነው የሚያልቁት፣ አትፍሩ። ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ሰው በአንድ ካሬ ሜትር 4 አካባቢ እስከሆነ ድረስ ቢጣበብም በራስሽ እግር ትሄጃለሽ። 6 እና ከዛ በላይ ሲሆን ሰውነትሽ የራስሽ መሆኑ ይቀራል፣ ሕዝቡ ወደገፋሽ ነው የምትሄጂው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር አንድ ጠባብ ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ ከ150 ሰው በላይ ያለቀው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰውን በአብዛኛው የሚገድለው መረገጥ አይደለም፣ ደረቱ ተጨንቆ አየር ማጣት ነው፣ ቆሞ እያለ። ስለዚህ ትከሻችሁ ከአራት አቅጣጫ ሲነካ፣ እጃችሁን ወደ ፊታችሁ ማንሳት ሲያቅታችሁ፣ ያኔ ውጡ፣ የምትወዱት ዘፋኝ ሊወጣ ቢሆንም ውጡ። ሕዝቡ ሲገፋ መልሳችሁ አትግፉ፣ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ሂዱ። ክንዳችሁን ደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ያዙት፣ ለሳንባችሁ ቦታ ይሰጣል። የወደቀ ስልክ ለማንሳት አታጎንብሱ። ስትገቡ ደሞ ሌላ መውጫ የት እንዳለ እዩ፣ ሰው ሲደነግጥ ሁልጊዜ የገባበትን በር ነው የሚፈልገው፣ ለዛ ነው አንዱ በር ተጨናንቆ ሌላው ባዶ የሚሆነው።

የሁለቱ እናት፣ ለልጆቹ ስልክ ቁጥርሽን ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፊላቸው፣ በዛን ቀን ልብሳቸው ፎቶ አንሺያቸው፣ ልጅ ሲጠፋ እናት ደንግጣ የልብሱ ቀለም ይጠፋባታል፣ ብዙ አይቻለሁ። ከጠፋችሁብኝ ፈልጉኝ ብለሽ አትላኪያቸው፣ ባሉበት ቁሙ፣ ወይ ልጅ የያዘች እናት ወይ ስታንድ ውስጥ የሚሰራ ሰው ጠይቁ በያቸው። ስለ ድምፁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ያወጣው ከፍተኛ ልክ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው። በሥራ ቦታ መለኪያ ግን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲፈቀድ 100 ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ የልጅ ጆሮ ደሞ ከአዋቂ በላይ ሊጠበቅ ይገባዋል። ክንድሽን ዘርግተሽ የምትደርሺበትን ሰው ለማናገር የምትጮሂ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፣ ከስፒከሩ ራቂ፣ ወይ የልጆች ጆሮ መሸፈኛ ግዢላቸው። ልጆች ጠዋት ይምጡ፣ ለነሱ የሚሆነው ጨዋታ ያኔ ነው የሚዘጋጀው፣ ሲመሽ የአዋቂ ነው።

ለጠያቂዋ ልጄ ደሞ አንድ ነገር ልበል፣ ብቻዬን ልሂድ ወይ ትያለሽ፣ ለምን አታገለግይም? ማንም ሳህን ይዘሽ ብቻሽን ቆምሽ አይልሽም፣ ሥራ አለሽ። አብረውሽ የሚያገለግሉትን ደሞ በእረፍት ሰዓት አብረሽ ትበያለሽ። እኔ አሁን ያሉኝ ወዳጆች ግማሾቹ ወንበር አብረን ያነሳን ናቸው።

አዲስ ገቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ሁላችሁም እንደዚህ ጊዜ ሰጥታችሁ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። የማገልገሉን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ልምድ ይጠይቃሉ? ሰው ማዘዝ ምናምን እኔ አልችልም፣ አይናፋር ነኝ። የት ነውስ የሚመዘገቡት?

ቀማሿ የጠዋቱን ነገር ይዤዋለሁ፣ ግን ምግቡን ተቀብዬ የት ልብላው? እሱ ላይ ነው ልቤ የሚቆመው።

ቀማሿ፦

ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ሂጂ። አብዛኛው ፌስቲቫል የጋራ ጠረጴዛ አለው፣ ሰው ጫፍ ጫፉን ነው የሚይዘው፣ አንቺ መሃል ላይ "ሰው አለው?" ብለሽ ተቀመጪ። ሁለት ቃል ናት ግን ወሬ ትከፍታለች፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ምን እንደያዘ እዪና ከየትኛው ስታንድ እንዳመጣው ጠይቂው፣ ሰው የበላውን መናገር ይወዳል። አላወራ ካለም ምግብሽን በልተሽ ትነሻለሽ፣ ምንም አልጎደለብሽም። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ግን አታድርጊ፣ ማዳመጫ ያደረገን ሰው ማንም አያናግርም።

አስተናባሪው፦

ልጄ ልምድ ማንም አይጠይቅም። የዝግጅቱ ፖስተር ላይ አዘጋጁ ተጽፎ ይኖራል፣ በስልክ ወይ በገጻቸው በጎ ፈቃደኛ ትፈልጋላችሁ ወይ በያቸው፣ ትንንሾቹ የሰፈር ዝግጅቶች ሁሌም ሰው ያጥራቸዋል። አይናፋር ነኝ ብለሽ ንገሪያቸው፣ በር ላይ አያቆሙሽም። ጠረጴዛ ማዘጋጀት አለ፣ ሳህን መሰብሰብ፣ ቆሻሻ መለየት፣ ለሻጮች ውሃ ማመላለስ። ውሃ ማመላለሱን ከቻልሽ ያዢው፣ ሁሉንም ስታንድ የምትዞሪው አንቺ ስለምትሆኚ ከቀትር በኋላ የማያውቅሽ ሻጭ አይኖርም።

ከስታንዱ ጀርባ፦

ውሃ የምታመላልሰውን ልጅማ እኛ ሳታዝዝ ነው የምናበላት። አዲስ ገቢ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ፣ ራስሽም ውሃ ጠጪ፣ እና ከመዝጊያው በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዪ፣ እኛ ሻጮቹ እርስ በርስ የተረፈንን እየተቀያየርን ቁጭ ብለን የምንበላው ያኔ ነው።

የሁለቱ እናት፦

ክንዳቸው ላይ ቁጥር መጻፉ ዛሬውኑ ይገባል፣ ተባረኩ። ጋሼ፣ ልጆችስ ማገልገል ይችላሉ? ትልቋ ሳህን መሰብሰብ ትወዳለች።

አስተናባሪው፦

የ7 ዓመቷ? ካንቺ ጋር ከሆነች በደንብ። ናፕኪን ታድል፣ የሚሰባበርና የሚያቃጥል ነገር አጠገብ ብቻ አትሁን። ትንሹን ለኔ ስጪኝ፣ የመረጃ ጠረጴዛው ጋ አጠገቤ ይቀመጣል፣ አንቺም አንድ ዙር ዞረሽ ትቀምሺያለሽ።